ዛፉ የማን ነው?

ውድ ከሚል፣

እንደምን ከርመሃል? አዲስ አበባ ከተመቸህ ደስ ይለኛል፤ ካልተመቸህም ብዙ አላዝንልህም። ከቦንጋ የሄድከው በዲጂታል ቶከን ልንሸጣቸው አብረን የሣልናቸውን መነጽር ያጠለቁ አንበሶቻችንን ዞር ብሎ የሚያያቸው ስናጣ ነው። ሰው ዲጂታል ቶከን የሚገዛው ሌላው ስለገዛ ብቻ ነው፣ ወረቱም አልፏል ብለኸኝ ሄድክ። እማዬ ደግሞ እስከ መስቀል ካልተሳካልኝ ሱቋ ገብቼ እንድሠራ ቁርጡን ነገረችኝ። ጨው ስመዝን እየታየኝ ምግብ አልበላ አለኝ።

አንበሶቹን ትቼ ወደ ማንኪራ ጫካ ሄድኩ። የንብ ቀፎ የሚሰቀልባቸውን ዛፎች እየሣልኩ፣ በየሥዕሉ ግርጌ የባለዛፉን ስም ጻፍኩ። ሥዕሉን ማንም በስልኩ ያየዋል፤ ቶከኑ፣ ማለትም የባለቤትነት ማስረጃው፣ ግን የገዛው ሰው ንብረት ብቻ ነው። ጠያቂ ጠፋ።

አንድ የገበያ ቀን ጋሽ ገብረሚካኤል የሚባሉ የማንኪራ ማር ነጋዴ ሥዕሉን በሰው ስልክ አይተው እየተቆጡ መጡብኝ። ለካ የእሳቸውን ዛፍ በጎረቤታቸው በጋሽ ተድላ ስም ጽፌዋለሁ! ጫካው አጥር የለውም፤ ዛፉ የማን እንደሆነ ግን አገር ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ልጄ፣ ዛፉንስ አሳምረሽዋል፤ ስሜን የት ጣልሽው?" አሉኝ።

ሰው ከበበን። ባጃጅ ነጂው እንኳ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ይቅርታ ጠይቄ ስሙን ሳስተካክል የከበበን ሰው ሁሉ፣ የአባቴስ ዛፍ አለ ወይ፣ የአያቴስ እያለ ስልኬን ተሻማ። ወሬው ጅማና ሐዋሳ ደረሰ፤ እዚያ የሚኖሩ የማንኪራ ልጆች የቤታቸውን ዛፍ ባዕድ እንዳይወስድባቸው እየደወሉ ገዙ። እነሱን አይተው የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተከተሉ።

ከሚልዬ፣ ግማሹን ልክ ብለሃል፤ ሰው ሰው ወዳየበት ያያል። ግርግሩ አንገቱን ያዞረዋል። እጁን የሚዘረጋው ግን የእኔ የሚለው ነገር ሲያገኝ ነው። አንበሶቻችን የማንም አልነበሩም።

በመስቀል ዋዜማ ያልተሸጠ ሥዕል አልቀረም። የዚያን ቀን እማዬ የሱቁን ቁልፍ ይዛ ክፍሌ ስትገባ ደነገጥኩ። እሷ ግን አልጋዬ ጫፍ ቁጭ አለችና፣

"ይኼን ለጎረቤታችን ልጅ ለአስማ ልሰጣት ነው። ንግድ ለእሷ ይሆናታል። አንቺ ሣዪ" አለችኝ።

አሸንፌያለሁ፣ ከሚል። ደስታው አስለቀሰኝ። አሁን የዚያን አገር ዛፎች ልሥል ወደ ቢታ ገነት ልሄድ ነው፤ ኩራትህን አውልቀህ ከመጣህ አብረን እንሄዳለን።

እጇን ያልሰጠችው ጓደኛህ፣
አብርሆት
ቦንጋ