የተዘጋው የውጤት ፎልደር

ደብረ ብርሃን፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ከንዴቴ የተነሳ ምሳ እንኳ አልወረደልኝም። ዶክተር ሰላም የላብራቶሪው የውጤት ፎልደር ከእሷ ኮምፒውተር አልከፈት አላትና ጠራችኝ፤ የሆስፒታሉ ኮምፒውተርና ኔትወርክ ጥገና የእኔ ሥራ ነው። ረፋዱን በሙሉ ኬብል ስነቅልና ስሰካ፣ ማሽን ሳጠፋና ሳበራ ቆየሁ። ኔትወርኩ ደህና ነው። በመጨረሻ የላብራቶሪ ኃላፊው የጋሽ ታደሰ ኮምፒውተር ላይ ብቀመጥ፣ ለካ ፎልደሩን ለሌላ እንዳይታይ የዘጉት ራሳቸው ናቸው!

«ምነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ውጤት የፈለገ ሐኪም መጥቶ ይጠይቀኝ። እኔ እዚህ ጌጥ ነኝ እንዴ?»

መልሼ ከፈትኩት። ዶክተር ሰላም ጠዋት ከጣርማ በር መጥታ የተመረመረች የአንዲት ነፍሰ ጡር ውጤት ስታይ ደነገጠች። «ዛሬውኑ መተኛት አለባት» አለች። ብንፈልጋት የለችም። ካርድ ክፍሎች «ኔትወርክ የለም፣ ለውጤትሽ ነገ ነይ» ብለው ሸኝተዋታል። በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ፤ የጣርማ በሩ መኪና ወጥቷል። ስልኳ እስካሁን ዝግ ነው።

ጋሽ ታደሰ በሰዓታቸው «ደህና እደሩ» ብለውን ወጡ። ደህና እደሩ!