ሰማያዊው በር ላይ የተቀመጠ አበባ

ሐሙስ

አላውቃቸውም አልኩ። በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፤ ግን አልኩት።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈውና ይውጣልኝ። አለቃዬ ፊዮና አዲሱን የጉብኝት መንገድ የሰጠችኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ስቶክዌል፣ የፖሊሱ የቴሌቪዥን ድራማ የተቀረጸበት የለንደን ሰፈር። ከባቡር ጣቢያው ተነስተን፣ ኢንስፔክተሩ ቢራ የሚጠጣበትን መጠጥ ቤት አይተን፣ ሌባ ያባረረበትን ድልድይ አልፈን፣ መጨረሻ ላይ ፎቁ ላይ ካለው ሰማያዊ በር ፊት እንቆማለን። ኢንስፔክተሩ የሚኖረው እዚያ ነው፤ በመጨረሻው ክፍል ተተኩሶበት የሚሞተውም እዚያው ደፉ ላይ ነው። ክፍሉ የታየው በቅርቡ ስለሆነ ሰዉ ገና ሐዘኑ አልወጣለትም።

የበሩን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ሳየው የማን ቤት እንደሆነ አወቅሁ። የጋሽ ታፈሰ ነው። የአባቴ ባልንጀራ። ለትምህርት ስመጣ ከኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ ክፍል እስካገኝ ድረስ ሶፋቸው ላይ ያስተኙኝ ሰው። ለፊዮና ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። መንገዱን ለሌላ ሰው ትሰጥብኛለች ብዬ ፈራሁ።

ሌላም ፍርሃት ነበረኝ፤ እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ጋሽ ታፈሰ ባገኙት ሰው ፊት ሁሉ “ሰብልዬ ቴሌቪዥን ላይ ነው የምትሠራው” ይላሉ። ፊልም ተምሬያለሁ፤ እውነት ነው። ጃንጥላ ይዤ ቱሪስት እየመራሁ የምኖር አስጎብኚ መሆኔን ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ዛሬ በሩ ፊት ቆሜ፣ ኢንስፔክተሩ እንዴት እንደወደቀ በእጄ እያሳየሁ፣ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ታፈሰ በሹራብና በነጠላ ጫማ ወጡ። ሰው ተሰብስቦ ሲያዩ ግር አላቸው፤ ከዚያ እኔን አዩኝና ፊታቸው በራ። እንግዶችሽን ምነው ብርድ ላይ አቆምሻቸው፣ አስገቢያቸው እንጂ አሉኝ። መልስ ሳይጠብቁ ተመልሰው ገብተው ወንበር ይዘው መጡ፤ ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ከዘራ የያዘች ሴት ነበረች።

አንዱ እንግዳ ማን ናቸው ብሎ ጠየቀኝ። “አላውቃቸውም፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰው ይወዳሉ መሰለኝ” አልኩና ሳቅሁ። እነሱም ሳቁ። ጋሽ ታፈሰ ወንበሩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እኔ ጃንጥላዬን ከፍ አድርጌ ደረጃውን ወረድኩ።

ጴጥሮስ እንኳ የሚያስታውሰው ዶሮ ነበረው። እኔ አርችዌይ ወዳለው ቤቴ በባቡር ስመለስ ማንም አልጮኸብኝም።

ዓርብ

ልደውልላቸው ስል ዋልኩ። ምን ብዬ?

ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው ልበል? ሥራ ላይ ያለ ሰው ሰላምታ አይሰጥም እንዴ። አላየሁዎትም ልበል? ወንበር ይዘው ፊቴ ቆመው ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ ልበል? እሷ ቀላሏ ነበረች። እሷኑ ማለት አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ ፊዮና ደወለች። ደስ ብሏታል። ከትናንቶቹ እንግዶች አንዷ ስለ ደጉ ጎረቤት ኢንተርኔት ላይ ጽፋለች፤ ወንበር ይዘው ስለመጡት። ሰውዬውን ታውቂያቸዋለሽ ወይ አለችኝ፤ ሁልጊዜ እንዲወጡልን ማድረግ ይቻል እንደሆነ። አይ፣ አላውቃቸውም አልኳት። የዛሬውስ ከትናንቱ ይብሳል፤ ማንም አላጣደፈኝም፣ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ

ዝናብ። ብዙ ሰው። ድራማውን በቃል የሚያውቁ፣ እኔ ስሳሳት የሚያርሙኝ ዓይነት።

ሁለት እህትማማቾች ከማንቸስተር አበባና ሻማ ይዘው መጥተዋል። በሩ ሥር እናስቀምጠው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ካርዱን አየሁት፤ “ሁሌም እናስታውስሃለን” ይላል፣ የማንንም ስም አይጠራም። እዚህ አገር የኖረ ሰው ደጃፍ ላይ አበባና ሻማ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ጠፍቶኝ አይደለም። በሩን አንኳኩቼ ማስፈቀድ ነበረብኝ። ላንኳኳ? እሳቸው ይወጣሉ። ቢወጡ ደግሞ በስሜ ይጠሩኛል።

አስቀምጡት አልኩ።

መጋረጃው ተዘግቷል። ጋሽ ታፈሰ አልወጡም። ተመስገን አልኩ። አዎ፣ ተመስገን ብያለሁ። ነፋሱ ሻማውን ሲያስቸግራቸው እኔው ጎንበስ ብዬ፣ ሲጋራ ካቆምኩ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ በቀረው ላይተር ለኮስኩላቸው። ሁሉም ፎቶ አነሱ። አንዷ አለቀሰች።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከጋሽ ታፈሰ ጋር እንዳልገናኝ።

ከሰዓት እትዬ አልማዝ ደወሉ። ከጋሽ ታፈሰ ቤት አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት፤ እድራችንን የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። ገና ሃሎ ሳልል ሲያለቅሱ ሰማሁ። ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩ ሥር አበባ ተከምሯል፣ ሻማ ይነዳል፣ አንዲት ወጣት ፈረንጅ ቆማ ታለቅሳለች። የትናንቱ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ሌላም ሰው ሲያስቀምጥ ነው የዋለው ማለት ነው። ጠየቋት ወይ አልኳቸው። የሚያለቅስ ሰው ምን ተብሎ ይጠየቃል አሉኝ። አቅፈዋት አብረው አልቅሰዋል። በሩን ቢያንኳኩ መልስ የለም፤ የጋሽ ታፈሰ ስልክ ዝግ ነው። ሆስፒታል ወስደዋቸው እዚያው አርፈው ይሆናል ብለው ደምድመዋል።

ለልጃቸው ለሮማን ተደወለ ወይ አልኩ። ሮማን የምትኖረው በርሚንግሃም ነው።

“መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ምን ነካሽ?” አሉኝ። ነገ ሥራ ሳትወጣ በማለዳ እንደርስባታለን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ አባም ይመጣሉ፣ አንቺም እንደ ልጃቸው ነሽና ከፊት ትሆኛለሽ።

አበባው የእኔ እንግዶች ያስቀመጡት ነው ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔ ግን የሆዴንም በደንብ አላወቅሁትም። እውነት ሞተው ቢሆንስ? ትናንትም አልወጡም። እኔም ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ለሮማን ደውዬ አባትሽ ደህና ናቸው ወይ ብላት፣ ሳታውቅ ቆይታ ከሆነ መርዶውን በስልክ ያረዳኋት እኔ ልሆን ነው። ከሞቱ ደግሞ ከእኔ የቀረላቸው የመጨረሻ ነገር ያ ሳቄ ነው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። እስኪመሽ የሰፈሩ የዋትስአፕ ግሩፕ “ነፍስ ይማር” በሚል ሞላ። እኔም ጻፍኩ። እጄ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም።

ሰኞ

ሳይነጋ ተነሳን። ሁለት መኪና። እኔ ያለሁበትን መኪና የሚነዱት የእትዬ አልማዝ ባል አቶ ግርማ ናቸው፤ አባ ከፊት፣ እኔና እትዬ አልማዝ ከኋላ። ሁላችንም ጥቁር ለብሰናል። እትዬ አልማዝ ሮማን እንዳትወድቅ በየት በኩል ማን እንደሚይዛት ይመድባሉ።

ሞተርዌይ ላይ ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ “አንድ ነገር ልንገራችሁ” እስከማለት ደርሼ፣ ሁሉም ዞር ሲሉብኝ ሽንት ቤት ልሂድ አልኩ። መኪና አቆሙልኝ። ሄጄ መስታወት ፊት ቆሜ ተመለስኩ።

ሮማን ደጅ ስንደርስ ሴቶቹ ለቅሶውን ጀመሩ። በሩ ተከፈተ። የከፈቱት ጋሽ ታፈሰ ናቸው፤ በፒጃማ፣ ሻይ በእጃቸው ይዘው።

እትዬ አልማዝ ጮኸው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። አባ አማተቡ። አቶ ግርማ እየሳቁ ያለቅሳሉ። በሕይወት አሉ! እኔም ለቅጽበት ከደስታ በቀር ምንም አልተሰማኝም።

ጋሽ ታፈሰ ግን እኛን አላዩም። ያዩት ጥቁሩን ልብስ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ቄሱን፣ ማለዳውን ነው። የእትዬ አልማዝን እጅ ቀስ አድርገው ከአንገታቸው አወረዱ።

“ዳዊት ነው?” አሉ።

ዳዊት ወንዱ ልጃቸው ነው፤ ሌሊት ሌሊት የጭነት መኪና ይነዳል። ማንም አልመለሰላቸውም። ሁሉም የመጣው ስለ እሳቸው ስለሆነ፣ ስለ ዳዊት መጠየቃቸው አልገባውም። በእኛ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ባለ ሰዓት ዝም ማለት ራሱ መልስ ነው። ጋሽ ታፈሰ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሻዩ ፒጃማቸው ላይ ፈሰሰ፤ አላወቁትም። ከኋላቸው ሮማን ወንድሜ ብላ ስትጮኽ ሰማሁ።

ያን ጊዜ ተናገርኩ። “ጋሽ፣ ዳዊት ደህና ነው። ማንም አልሞተም። አበባው የእኔ ጥፋት ነው።”

ሁሉንም እዚያው አወጣሁት። ቴሌቪዥን ላይ እንደማልሠራ፣ በራቸው ላይ ሰው የማቆመው እኔ እንደሆንኩ፣ አበባው ድራማ ላይ ለሞተ ሰው እንደሆነ፣ ሻማውን በእጄ እንደለኮስኩ፣ ከትናንት ጀምሮ እያወቅሁ መኪና ውስጥ ዝም ብዬ እንደመጣሁ። ስናገር የሰው ፊት አላየሁም፤ የማየው የሮማንን ባዶ እግር ነበር። ለዳዊት ትደውላለች። ዳዊት አላነሳም። ደግማ ደወለች። ሲያነሳ፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ።

ጋሽ ታፈሰ ስልኩን ተቀብለው “አለህ?” ብቻ አሉት። ከዚያ ተነስተው እኔን ሳያዩ ገቡ።

እትዬ አልማዝ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ብለው ሊያስታርቁ ሞከሩ። የሳቀ የለም። ሌሎቹ ቁርስ ሲቀርብላቸው እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። ሮማን መስኮቱን አንኳኳች። አባቷ ዓርብ ዕለት ሳይነግሯት ድንገት እንደመጡ፣ የስልክ ቻርጀራቸውን እንደረሱ ነገረችኝ። ከዚያ “ሶሪ ሰብለ፣ ዛሬ ፊትሽን ማየት አልችልም” ብላኝ ገባች። እውነቷን ነው።

ማክሰኞ

ስቶክዌል ሄጄ አበባውን በሙሉ ለቀምኩ። ከመጠን በላይ ብዙ ነው። አንድ ልጅ እግር ምን እያደረግሽ ነው ብሎ ተቆጣኝ። የሰው ቤት ነው አልኩት። የኢንስፔክተሩ ቤት ነው አለኝ። የጋሽ ታፈሰ ቤት ነው አልኩት፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ደፉን በጨርቅ ወለወልኩ፤ የሻማው ሰም ግን በጥፍሬም አልለቅ አለ።

ለፊዮና ደወልኩ። አውቃቸዋለሁ፣ እንደ አባቴ ናቸው፣ ዋሽቼሽ ነው አልኳት። መቆሚያውን ከመንገዱ ማዶ ታደርገዋለች፣ የበሩ ቁጥርም ከእንግዲህ አይነገርም። መንገዱን ለእኔ ትተወው እንደሆን ገና አልወሰነችም። ግድ የለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ግድ አለኝ።

ግሩፑ ላይ ይቀልዳሉ። አንዱ “ሰብለን በቴሌቪዥን የምናያት መቼ ነው?” ብሎ ጽፏል። ይገባኛል።

ሐሙስ

ጋሽ ታፈሰ ትናንት ተመልሰዋል። ዛሬ ከሥራ በኋላ ሄድኩ።

በሩን ሲከፍቱ ሰንሰለቱ ነበረበት። በስንጥቁ አዩኝ። ግቢም ሂጂም አላሉም።

“ያን ቀን እንግዶችሽን ምን አልሻቸው?” አሉኝ።

ስለ ሥራዬ፣ ስለ ድራማው ማስረዳት ጀመርኩ። እሱን አይደለም አሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የለንደን አውቶብስ የነዱ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛ ከእኔ የተሻለ ይሰማሉ። ይህንንም አውቅ ነበር፤ አውቄም ነው ፊታቸው የተናገርኩት።

“አላውቃቸውም አልኩ” አልኳቸው። አሁን በአማርኛ ነው ያልኩት።

“ሰምቼሻለሁ። ከአፍሽ እንድሰማው ፈልጌ ነው” አሉ። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ “ሮማን ጋ የሄድኩትም ለዚያ ነው፣ ቤቱ አስጠላኝ” አሉኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሁሉም ነገር ከአበባው የጀመረ መስሎኝ ሰንብቻለሁ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩ። “ሮማን ደጅ ደረጃው ላይ የተቀመጥኩባትን ሰዓት ይቅር ልልሽ እየሞከርኩ ነው፣ ገና አልቻልኩም” አሉ። ታች ደረጃው ላይ የሰው ድምፅ ተሰማ፤ እንግሊዝኛ፣ ሳቅ፣ ቁጥር እየጠሩ የሚፈልጉ። ጋሽ ታፈሰ ሰንሰለቱን ፈትተው ግቢና ዝጊው አሉኝ። ገባሁ። ሰዎቹ ፎቶአቸውን አንስተው እስኪሄዱ ድረስ መብራት ሳናበራ ተቀመጥን። የእኔ እንግዶች ከእንግዲህ አይመጡም፣ እነዚህን ግን ማስቆም አልችልም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስወጣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳዊት እንደሚመጣ ነገሩኝ። ሰኞ ለምን እንደተደወለለት እስካሁን በደንብ አልገባውም።

“አንቺው ነሽ የምትነግሪው” አሉ። “ምሳ ሰዓት ነይ።”

ዳዊት ቁጡ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምርለት አላውቅም። ግን ነይ ብለውኛል።