የጌሙ ጉድጓድና የእኛ እንሰት

ከሶዶ ወደ ገሱባ የሚወስደው መንገድ ለሚመለከትዎ፣ ስምዎንና የጽሕፈት ቤትዎን ስም ከአክብሮት ብዛት ላልጠቀስኩት ክቡር ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ደህና ነው? ይህን መጠየቄ በእኛ መንገድ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ወገቡን ስለሚያመው ነው፤ እርስዎ ግን በዚያ በኩል ብቅ ብለው ስለማያውቁ ደህና እንደሚሆኑ አምናለሁ። ስለ እኔ ቢጠይቁኝ፣ ጌታ ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ።

ሶዶ ውስጥ ጌም ቤት ከፍቼ የምተዳደር ሰው ነኝ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ደስታ ነው። ሰሞኑን አንድ የመኪና ውድድር ጌም አፕዴት አደረግሁ። በዚህ ጌም ተጫዋቹ በታጠረ ሜዳ ብቻ አይወዳደርም፤ ከተማውንም ገጠሩንም ተራራውንም እንደ ልቡ እየነዳ ይዞራል። ከድልድዩ ማዶ ግን አንዲት ክፉ መታጠፊያ ነበረች፤ መኪና እዚያ ሲደርስ አስፋልቱ ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል። ተጫዋቾች አቤት አሉ። የጌሙ ሠሪዎች ይቅርታ ጠይቀው መንገዱን ጠገኑት። በዚያ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ጎማው እንዲንሸራተት፣ ጭጋግ ሲወርድ የፊት መብራቱ እንዲደምቅ፣ ከየአደገኛው መታጠፊያ በፊትም ቢጫ ምልክት እንዲቆም አደረጉ። መብራት እየሄደ እየመጣ ቢያስመርረኝም፣ አፕዴቱ ተጭኖ ሲያልቅ ያቺን መታጠፊያ ደጋግሜ ነዳሁባት። መንገዱ ሳያሰምጠኝ ያዘኝ። ከዚያ ደንበኞቼ እያዩኝ አለቀስኩ።

ያለቀስኩበትን ምክንያት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ በተራ ቁጥር ያልቀረበ አቤቱታ አያነብም ስለተባልኩ ነው። የቀረበውንስ ያነብ እንደሆነ አብረን እናያለን።

1. ከመንገዱ ሥር ውኃ በሚያሳልፈው ቱቦ አጠገብ ጎርፍ የመንገዱን ቀኝ ቆርሶ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ አደረገው። አቤት ስንልዎ በጀት እስኪመጣ እንድንታገሥ በትሕትና መክረውናል፤ ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለውን ያወቅነው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

2. እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ የተቆረሰ መንገድ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ለኋለኛው መንገደኛ ምልክት ያቆማል። የአካባቢው ሰዎች በጉድጓዱ አፍ ላይ እንሰት ተከሉ። ቅጠሉ ሰፊ ነውና ከሩቅ ይታያል። ሞተረኛውም የሚኒባሱም ሹፌር እንሰቱን ሲያይ ፍጥነት ቀንሶ ወደ ግራ ይይዛል። ያለ ጨረታና ያለ ሪባን ቆረጣ የቆመ ምልክት በመሆኑ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እርሱ በቆመበት ጊዜ ግን ማንም አልወደቀም።

3. ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ሠራተኞችዎ የመንገዱን ዳር ግራና ቀኝ አጸዱ። ሣሩን አጨዱ፣ ድንጋዩን ኖራ ቀቡ፣ እንሰቱንም ለዓይን አያምርም ብለው ነቅለው ጣሉት። ጉድጓዱን ግን እንዳለ ተዉት። ስለ ጽዳቱ በእንግዶቹ ስም አመሰግናለሁ፤ እነርሱ በዚያ በኩል አላለፉምና ምስጋናውን ራሳቸው ሊያቀርቡ አልቻሉም።

4. ወንድሜ ጦና በሞተር ሰው እያመላለሰ የሚኖር ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ቀኑ እየጨላለመ ዝናቡም እያካፋ ሳለ፣ ወይዘሮ ፈጠነችን ከሶዶ ገበያ አሳፍሮ ወደ ገሱባ ይሄድ ነበር። እርሳቸው ተርፈው ዛሬ በክራንች ይሄዳሉ። ፈርተው ቀስ በል ቢሉት፣ «አይዞሽ እማማ፣ እንሰቱ ገና ነው» አላቸው። ክቡር ሆይ፣ ወንድሜ በዚህ ዓለም የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። እንሰቱን እየጠበቀ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

5. ከቀብሩ በኋላ ኮሚቴ ልከው ጉድጓዱን በሜትር አስለክተዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእርስዎ ደግሞ ሜትር ይዞ መጣ። ሪፖርቱ ለአደጋው ምክንያት የሆነው የአሽከርካሪው ፍጥነት ነው ይላል። ጦናን አንዴ እንኳ ሳያዩት ጠባዩን እንዲህ ስላወቁለት እናቴ ምስጋናዋን እንዳደርስላት አላዘዘችኝም።

በጌሙ ውስጥ የወደቀ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከነመኪናው ይነሣል። ማንም አይቀበርም፣ ማንም ድንኳን አይተክልም። ሠሪዎቹ ይህን እያወቁ መንገዱን ጠገኑት፤ የተጫዋቹ መናደድ በቂ ምክንያት ሆናቸው። ያስለቀሰኝ ይኸው ነው። እልኸኛ ነኝ፣ ንዴቴም ገና አልበረደም፣ አልሸሽግዎትም።

ከሐዘን እንደተነሣን በዚያው ቦታ ሌላ እንሰት ተተክሏል፤ አሁን ሥር ሰዷል። በዚሁ ትዕግሥትዎ ከቀጠሉ ጉድጓዱ ሳይሞላ እንሰቱ ለቆጮ ስለሚደርስ፣ ሲፋቅ ድርሻዎን እንልክልዎታለን። ይሁን እንጂ ዘንድሮም እንግዶች ስለሚመጡ የመንገድ ዳር ተክል ሁሉ እንደሚነቀል፣ በቱቦው አጠገብ ያለ ፈቃድ እንሰት የተከለ ሰውም ተጣርቶ እንዲቀርብ የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ነገ ሌላ ሞተረኛ እንሰቱን እየጠበቀ ይመጣል። ስለዚህ በእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጉድጓዱን ይሙሉልን አልልም፤ ያንን ልመና ትቼዋለሁ። እንሰቱን ብቻ አይንቀሉብን።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ምቾት፣ ለመኪናዎ ጎማ ጥንካሬ እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ዝቅ ብዬ ይቅርታ የምጠይቅ፣ መልስ ባይሰጡኝም የማልቀየም ታዛዥዎ፣

ዘሩባቤል ባዳቾ፣ የጦና ባዳቾ ታላቅ ወንድም፣ ከሶዶ

ማሳሰቢያ፦ እንሰቱን የተከልኩት እኔ ነኝና ማጣራቱ እንዳያደክምዎ። ፊተኛውን ማን እንዳስነቀለው ግን ብጠይቅ ብጠይቅ የነገረኝ የለም። ለማንኛውም ሠራተኞችዎ ይህንንም ነቅለው፣ ሥራቸውን ጨርሰው በዚያው መንገድ ሲመለሱ መምሸቱ አይቀርም፤ እነርሱም የእናት ልጆች ናቸውና፣ እባክዎ ቀስ ብለው እንዲነዱ ይንገሩልኝ።