የሠረገላው ገመድ ላይ ያለው ቦታችን

ለልጄ ካዲርቬል፤ ባሕር ማዶ ባለህበት ጤና አይለይህ። እኔ በአምላካችን በሺቫ ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ።

ዘንድሮ በበዓሉ አምላካችንን የተሸከመው የቤተ መቅደሱ ሠረገላ ወጥቶ ኩሬው ማዕዘን ላይ ተቀረቀረ። ሕዝቡ በሚጎትትበት ገመድ ላይ ባዶ የዋለ ቦታ ለሌላ ቤት እንደሚሰጥ ታውቃለህ፤ ስለዚህ የቤታችንን ቦታ ራሴ ያዝኩት። የአጎትህ ሚስት ፖናማል ቦታውን ለልጇ ተመኝታ ኖሮ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ባል የሞተባት ሴት ደግሞ አምላክ ትጎትታለች?» አለችኝ። «ካንቺ ምላስ ሠረገላው ይቀላል፤ ዞር በይ!» አልኳት። ሕዝቡ ሳቀ። ሳብን፣ ተንቀሳቀሰ! በቤተ መቅደሱ ግንብ በር እስኪገባ አልለቀቅሁም። መዳፌ ተላጠ፣ ፖናማል ግን አንገቷን ደፋች።

ኋላ ካህኑ ለጸሎት የቤተሰቡን ስም ሲጠይቀኝ ስምህንና ኮከብህን ነገርኩት። «ከየትኞቹ ጋር ልጥራው፣ ካሉት ወይስ ካለፉት?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ካሉት ጋር ነዋ!» ብዬ ጮህኩበት፤ አዳራሹ አስተጋባ።

በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ያንተን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዳያነብልኝ ነበር፤ እስካሁን ግን የማነበው የሱቅ ሰሌዳ ብቻ ነው። አንዲት መስመር ትበቃኛለች።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሃል፤ ፖናማልም ሳትወድ።

እናትህ ቫሊያማይ