ሳላስፈቅድ ከእንግሊዝኛ ክፍል ስለ መውጣቴ

ለተከበሩ የፋብሪካችን የሥልጠና ክፍል ኃላፊ፣
ግልባጭ፦ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ለሚያነብ ሁሉ

ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎስ? ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ እየፈላ እንፋሎት ከሚሆንበት ከቦይለር ቤታችን ሙቀትና ጩኸት የራቀ ስለሆነ ጆሮዎም ሳንባዎም ደህና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። ሠላሳ አንድ ዓመት ቦይለር የጠበቅኩት እኔ ሽማግሌው ደግሞ ደብዳቤዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ደህና ነበርኩ። ፊደል ስላልቆጠርኩ ደብዳቤዎን ያነበበችልኝ፣ ይህንንም የምትጽፍልኝ ምራቴ ናት፤ ቃሉ ግን የራሴ ነው፣ አንዱንም እንዳታለሰልሰው አስጠንቅቄያታለሁ።

አንደኛ፣ ሠራተኛ ሁሉ «ካን»፣ «ሜይ»፣ «ማስት»፣ «ሹድ» የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ረዳት ግሶች እንዲማር ስላዘዙ ከልብ አመሰግናለሁ። አስተማሪዋ ትጉህ ልጅ ናት፤ በእሷ ቅሬታ የለኝም። «ካን» ለመቻል፣ «ሜይ» ለፈቃድ፣ «ማስት» ለግዴታ፣ «ሹድ» ለምክር መሆኑን ነግራን በቃሌ ይዤዋለሁ። ግሪስ የሚቀባው ባልደረባዬማ፣ በቤቱ «ማስት» የምትለው ሚስቱ፣ «ሜይ» እያለ የሚለማመጠው እሱ መሆኑን አስረድቶ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። እኔ የጠየቅኩት፣ ግዴታው ካለ ምክሩ ለምን አስፈለገ ብዬ ነበር። «አባባ፣ ቢያደርጉት ይሻላል ለማለት ነው» አለችኝ። በቦይለር ቤት ቢያደርጉት ይሻላል የሚባል ነገር የለም። ውሃ ከጎደለ እሳቱን ታጠፋለህ፣ አለቀ።

ሁለተኛ፣ ሦስታችንንም ነባር የቦይለር ሠራተኞች በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በአንድ ጊዜ ለትምህርት በመጥራት ቦይለሩን ሥራ ከጀመረ ገና ዘጠኝ ቀኑ ለሆነው አዲስ ባለ ሰርተፍኬት ልጅ ስላስረከቡልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። መማሪያ ክፍላችን ከቦይለር ቤት ጎን ነው። የውሃው ፓምፕ በየጥቂት ደቂቃው ሲነሳ አግዳሚ ወንበሩ ቂጥ ሥር ይርገበገባል። ያን ቀን አስተማሪዋ ሁለት ሰሌዳ ሙሉ ጽፋ እስክትጨርስ ወንበሩ ዝም አለ፤ ቦይለሩ ውሃ አላገኘም ማለት ነው። እኔም ተነስቼ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ ስልዎ፣ የሮጥኩትን የሚያውቀው ጉልበቴ ነው።

ስደርስ የውሃ መለኪያው መስታወት ባዶ ነው፣ እሳቱ ግን ይነድዳል። አዲሱ ልጅ ውሃ መጉደሉን አይቶ፣ እግዜር ይስጠው፣ ፓምፑን በእጁ ሊያስነሳ ማብሪያውን ጨብጧል። በጋለው ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢለቅበት ቦይለሩ ፈንድቶ ዛሬ ይህ ደብዳቤ የሚለጠፍበት ማስታወቂያ ሰሌዳም አይኖርም ነበር። «እጅህን አንሳ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ነዳጁን ዘግቼ እሳቱን አጠፋሁ።

ሦስተኛ፣ ከክፍል ስወጣ በእንግሊዝኛ «መውጣት ይፈቀድልኛል?» ብዬ ባለመጠየቄ በፈተናው ዜሮ እንዲሰጠኝ በማዘዝዎ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮም ወደ ዘበኝነት በማዛወርዎ የሕግ አክባሪነትዎን አድንቄያለሁ። በእርስዎ ደብዳቤ ላይ ስለ ባዶው መስታወት አንዲት ቃል ሳትኖር ስለ ሥርዓተ አልባነቴ ሁለት አንቀጽ መጻፉን ምራቴ ሁለት ጊዜ አንብባ አረጋግጣልኛለች።

ክቡርነትዎ፣ ስለ ራሴ አልለምንም። በር መጠበቅ አያሳፍረኝም፤ ቁጭ ብዬ ፀሐይ እሞቃለሁ። ነገር ግን ከቦይለሩ ግድግዳ ወዲያ የማቅለሚያ ክፍል አለ፤ አርባ ሁለት ሴቶች ጀርባቸውን ለዚያ ግድግዳ ሰጥተው ይሠራሉ። ከግድግዳው የመጀመሪያው ወንበር የምራቴ ነው። እዚህ ላይ ስትደርስ እጇ ቆሟል፤ ጻፊ ብያታለሁ። አዲሱ ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ ያሳየው ሰው ነው የጠፋው። ሁለት ወር አጠገቤ ይቁም፤ ከዚያ በኋላ በሩንም አጥሩንም እጠብቅልዎታለሁ።

ላሳዩኝ ወደር የለሽ ደግነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በፊርማ ፋንታ አውራ ጣቴን ያሳረፍኩ፣
እስከ እሑድ ማታ ድረስ የቦይለር ሠራተኛዎ

ማስታወሻ፦ ውሳኔዎ የሚጸና ከሆነ ሰኞ ጠዋት ልጁ ብቻውን እሳት ሲለኩስ እርስዎም ወንበርዎን አስወርደው ግድግዳውን ተደግፈው እንዲውሉ በትሕትና እጋብዛለሁ። ምራቴ ጠጋ ትልልዎታለች።