ቅባት የጠጣው ፍራሽ

ቆቦ፣ ነሐሴ 1966 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምቀየምህ ታናሽ ወንድሜ፣

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትህ? የአሰብ ሙቀት፣ የባሕሩ ወበቅ፣ የጆንያው ሸክም እንዴት አድርጎህ ይሆን? ወገብህን ያምህ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ እጄ በበረኪና ከመላላጡ በቀር ደህና ነኝ፤ ለዚህም ቢሆን ይመስገን። የእናታችንን ነገር ወደ ታች እጽፍልሃለሁ። እንደ ልማድህ እየዘለልህ አታንብብ፤ እኔ በጻፍሁበት ተራ አንብበው።

የሠፈራችን ልጅ ከማሉዲን የጭነት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ መልእክትህን ነግሮኛል። እህቴ መንግሥት ቤት ገብታለች አሉ፣ ከእንግዲህ ምን ቸገራት ብለሃል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ተናደድሁ። የገባሁበትን ሥራ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር መጠለያ ተሠርቷል። ከደጋው የወረደውም ከሜዳው የተሰበሰበውም ችግረኛ እዚያ ነው ያለው። የእኔ ሥራ ፍራሽ ማጠብ ነው። ፍራሹ የፈረንጅ ነው፤ ውስጡ ስፖንጅ፣ ላዩ አረንጓዴ ሙሻማ የለበሰ፣ ውሃ የማያስገባ። ተቅማጥ ለያዘው በሽተኛ ታስቦ የመጣ ነው። የመጣው በአሰብ በኩል ነው ይላሉ፤ ምናልባት አንተው በጀርባህ ተሸክመህ ከመርከብ አውርደኸው ይሆናል። ለእኛ የሚላከው ሁሉ በአንተ ጀርባ አልፎ ነው የሚመጣው፤ አንተ ራስህ ብቻ ነህ መምጫ ያጣኸው።

ፍራሹን ያመጣችው ፈረንጅ ነርስ በአስተርጓሚ እያስነገረች፣ በእጇም እየሠራች አያያዙን አሳይታናለች። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ በጨርቅ ታብሱታላችሁ፣ በንጹሕ ውሃ ትደግሙታላችሁ፣ ሳታጥፉ በጎኑ አቁማችሁ በጥላ ነፋስ ታስመቱታላችሁ አለችን። ፀሐይ ላይ አታውሉት፣ በአመድ አትፈትጉት፣ ከሁሉ ከሁሉ ስፌቱን እንደ ዓይናችሁ ጠብቁት አለች። ይህን አሳይታን ወደ አላማጣ አለፈች።

በጋውን ቀላል ነበር። ክረምቱ ሲገባ ጉድ መጣ። የቆቦን ሐምሌ ታውቀዋለህ፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ ወዲያው ሙቀቱ ይነሣል፣ መሬቱ ይጨሳል። ጠዋት በጎኑ ያቆምነው ፍራሽ ማታም እንደ ረጠበ ነው። ደግሞ ውሃ የማያስገባ የተባለው ሙሻማ ላብም አያስወጣም፤ ከበሽተኛው ሥር ውሃ ይቋጥርና የሰው ጀርባ ይልጣል። ከላዩ አንሶላ ይነጠፍበት ተብሎ ነበር፤ አንሶላ ከየት ይምጣ? በስፌቱ ዙሪያ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። በበረኪና ስንፈትገው ሙሻማው ይሰነጠቃል፣ ስንተወው ይሸታል። አብራኝ የምታጥበው የጎብዬዋ የሻረግ፣ ኸረ ይሄስ ከባሌ ባሰ፣ ብነካው ያኮርፋል ብተወው ያኮርፋል እያለች ታስቀኛለች። እሷ ባትኖር ይሄኔ አብጄ ነበር።

ስንት ጊዜ ደጅ ወጥተን እግዚኦ ያልንለት ዝናብ፣ የሚያርስ በሬና የሚዘራ እጅ ካለቀ በኋላ መጥቶ ፍራሽ ያሻግታል። እግዚአብሔርን አላማረርሁም፤ ግን ታዘብሁት።

እናታችን ከሮቢት በላይ ካለው ቤታችን የወረደችው ሰኔ ላይ ነው። ለምን ቀድማ አልወረደችም ትል ይሆናል። ልጄ ከአሰብ ሲመለስ ቤቱ ተዘግቶ እንዳያገኘው ብላ ነው። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝን ብዬ አይደለም ልልህ ነበር፤ ውሸት ነው፣ እንድታዝን ብዬ ነው። ስትደርስ ሆዷ አልያዝ ብሏት ነበርና መርፌ የሚወጋው ድሬሰር መርምሮ ከባለ ፍራሾቹ ረድፍ አስገባት። እኔ ለምኜላት አይደለም፤ የሚገባት ሆኖ ነው። ፍራሽ ያገኘ በሽተኛ ከቆርቆሮው ሥር ይተኛል፣ ወተቱም ቀድሞ እሱ ዘንድ ይደርሳል። ፍራሽ የሌለው ከውጭ ባለው ዳስ፣ ከመሬት ላይ ነው። እዚህ ፍራሽ ያለው ይሰነብታል። ስለዚህ እናታችን ፍራሽ ስታገኝ እፎይ አልሁ፤ ልጄ እስኪመጣ እሰነብታለሁ አለችኝ እሷም።

አመሏን ታውቀው የለም? የመጀመሪያ ቀን አልተኛም ብላ ከፍራሹ ሥር ከመሬት ተቀመጠች። ይህን የመሰለ የሰው ዕቃ በእኔ ገላ ላቆሽሸው ወይ አለች። በስንት ልመና ወጣችበት። ከወጣች በኋላ ግን እንደ ቤቷ ቁርበት ያዘችው። በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች፣ ስፌቱን በጣቷ እየተከተለች ሻጋታውን ትለቅማለች። እኔ ላጥብ ሳነሣው ቀስ አንቺዬ፣ ጠርዙን ያዢ፣ ጠርዙን ትለኛለች።

ቤት ሳለን የቦቃውን በሬ ቁርበት እንዴት ትይዘው እንደነበር ትዝ ይልሃል? ክረምት ሊገባ ሲል አራግፋ ፀሐይ ታሞቀውና ቅባት ታጠጣዋለች፤ እንዳይደርቅ፣ እንዳይሰነጠቅ፣ ውሃ እንዳያስገባ። ከዚያ በእግራችን እንድናሸው ትጠራናለች። አንተ እየዘለልህ ትረግጠውና ተንሸራትተህ ትወድቅ ነበር፤ እሷ እስክታለቅስ ትስቅብሃለች። ያ ቁርበት አሁን የት አለ ብለህ አትጠይቀኝ። ሰው ሲርበው ቁርበትም ይቀቀላል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከማሉዲን አንተ የላክኸውን ጣሳ አደረሰልን። እህል ስንጠብቅ የእግር ቅባት! የእናቴ ተረከዝ በክረምት ይሰነጠቃል፣ ትቀባው ብለህ ነው አሉ። አልዋሽም፣ ከፍቼ ሳሸተው ልወረውረው ቃጣኝ። እሷ ግን ተቀብላ ሳመችው፣ ግንባሯን አስነካችው፣ ለረድፉ ሁሉ ልጄ ከባሕር ማዶ ላከልኝ እያለች አሳየች። አሰብ እኮ ባሕር ማዶ አይደለም ብላት አልሰማችኝም።

እግሯን ግን አልቀባችም። ውሃ ቀድቼ ስመለስ ፍራሹን ቀብታው አገኘኋት። ሙሻማው ያበራል። የተሰነጠቀው ለስልሷል፣ ሻጋታው ጠፍቷል። ከኩባያዋ ውሃ ጠብ አድርጋ አሳየችኝ፤ ውሃው ተንከባሎ ወረደ። ነርሷ ቅባት አትቀቡ አላለችንም፤ ማን ፍራሽ ይቀባል ብላ ታስብ? በእኛ አገር ደግሞ ቅባት ያልጠጣ መኝታ መቼ ክረምት ተሻግሮ ያውቃል? የሻረግ እልል አለች። በጎኗ ያሉት ሴቶች ለእኛም እማማ፣ ለእኛም አሉ። እናታችን ጣሳዋን ታቅፋ፣ በጉልበቷ እየዳኸች፣ የረድፉን ፍራሽ ሁሉ ቀባችላቸው። ለተረከዟ የተረፈ አልነበረም። የሰው ዕቃ የሚመልሱት አሳምረው ነው አለችኝ። ከወረደች ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አላየኋትም።

ሙሻማ ለካ ቁርበት አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ያብጥ ጀመር። እየሞቀ ሲሄድ እንደ ሙጫ ተጣበቀ፤ በሽተኛው ሲነሣ አረንጓዴው ሽፋን ከልብሱ ጋር ተልጦ ይነሣል። ቆርቆሮው በሚያፈስበት በኩል ዝናቡ ገብቶ ስፖንጁ ውሃውን ጠጣ። ውሃ የጠጣ ፍራሽ ሁለት ሆነን አላነሣ አለን፤ ከዚያ ሽታው ተከተለ። እናታችን ቅባቱ አልበቃው ብሎ ነው፣ ደግሜ ባገኝ ኖሮ ትል ነበር።

በዚሁ መሀል እንግዶች ከአዲስ አበባ ሊጎበኙ ነው ተባለ። የመጠለያው ኃላፊ ታረቀኝ የሚባል ሰው ነው። ክፉ ነው ብዬ አልጽፍልህም፤ ፈሪ ነው፤ እኔ ግን ክፉ ቢሆን በመረጥሁ። ረድፉን ሲያይ ዓይኑ ቀላ። ይህን ያደረገ ማን ነው ብሎ ጮኸ።  እናታችን ከተኛችበት ቀና ብላ፣ እኔ ነኝ ልጄ፣ እንዳይሰነጠቅባችሁ ብዬ ነው፣ ልጄ ከላከልኝ ቅባት ነው አለችው። ምርቃት እየጠበቀች ነበር እኮ። ያመሰግነኛል ብላ ፊቱን ፊቱን ታየው ነበር። እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የመንግሥት ንብረት ያጠፋ ከፍራሽ ይውረድ አለ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። አታውቅም፣ አሮጊት ናት፣ በእሷ ፈንታ እኔን ያባርሩኝ ብዬ ለመንሁት። ካሻሽ ተከተያት አለኝ። ድሬሰሩ አንገቱን ደፍቶ መርፌውን ይጠርግ ጀመር። በዚያን ሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ አዲስ ፍራሽ ተደራርቦ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረው። ለእንግዶቹ ቀን ተብሎ የተቀመጠ ነው። ርጥበት እንዳይነካው ከሥሩ ድንጋይ እየደረደርሁ ከመሬት ከፍ የማደርገው፣ እያወጣሁ ነፋስ የማስመታው እኔ ነኝ። ማንም የማይተኛበትን ፍራሽ ከርጥበት አድናለሁ፤ የወለደችኝን ማዳን አልቻልሁም። ይህ ነው እንግዲህ የመንግሥት ቤት ያልኸው።

ተሸክመን ወደ ዳሱ አወጣናት። የሻረግ ከተጣሉት ፍራሾች አንዱን ጎትታ አመጣችና ገልብጠን አነጠፍንላት። ከሥርም ውሃ ከላይም ውሃ ሆነ። የእኔንም የየሻረግንም ነጠላ ደረብንላት። ወተቱ ዳሱ ዘንድ ሲደርስ ውሃ ውሃ ይላል፤ አንዳንዴም አይደርስም። ያም ሆኖ ስለ ፍራሹ እንጂ ስለ ራሷ አልተናገረችም። አበላሸሁባቸው፣ ምን ይሉኝ ትላለች። ቅባቱ መልካም ነበር በይው፣ እግሬ ለሰለሰ በይው አለችኝ። የፍራሹን ነገር ግን እንዳትነግሪው፣ ከፍቶት ሳይመጣ ይቀራል አለች። እኔ እሺም እምቢም አላልኋት። ይኸው ነገርሁህ።

እንግዶቹ መጡ። አዲሶቹ ፍራሾች ከመጋዘን ወጥተው በአረንጓዴያቸው ተደረደሩ። አንዱ ባለ ኮት በመዳፉ ጫን ጫን አደረገና ጥሩ ተይዟል አለ። ታረቀኝ ወደ እኔ አመለከተና ጎበዝ ሠራተኛ ናት አላቸው። ተመሰገንሁልህ ወንድሜ። ወደ ዳሱ ግን ዝናብ ነው ተብለው አላለፉም። እነሱ ሲሄዱ ፍራሾቹን አብሼ፣ አድርቄ፣ መልሼ ቆለፍሁባቸው።

በማግሥቱ ማለዳ ታረቀኝ በእግሩ ዳሱ ድረስ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ማንም ሳይለምነው መጋዘኑን አስከፍቶ ለፍራሾቹ መለወጫ የመጣ አዲስ ሙሻማ አመጣልን። ዝናብ ነው፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑም መንገዱ ጭቃ ነው፣ በዚህ ይሁንላችሁ አለ። የሻረግና የረድፉ ሴቶች፣ መቆም የሚችሉት፣ ዙሪያውን ያዙ። ቀስ፣ ጠርዙን ያዙ፣ ጠርዙን አልኋቸው። ያን ሁሉ መንገድ ውሃ ጠብ አላለባትም። ለዕቃ እንደዚያ የሚሳሳው ታረቀኝ፣ መልሱ እንኳ አላለንም።

ከእንግዲህ ለእግሯ ብለህ ምንም አትላክ። ጣሳውን አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ።

ይህን ወረቀት የሚሰጥህ ከማሉዲን ነው። ትናንት ሲያየኝ አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ ብሎ መሪውን ይዞ አለቀሰ። ወረቀቱን ሰጥቶህ ሳያጫውትህ ቢሄድ እንዳትቀየመው። በማግሥቱ ማለዳ ይመለሳል፤ ብቻውን አይመጣም። እዚያ ያሉትን የአገራችንን ሽማግሎች ስም ነግሬዋለሁ። የዚያን ቀን ወደ ሸክም እንዳትወጣ። ሲያንኳኩ ክፈትላቸው።

እስከ ዛሬ በደብዳቤያችን መጨረሻ ምርቃቱን የምታስጽፈኝ እሷ ነበረች። እንግዲህ ለእኔ ደርሷልና እኔው ልመርቅህ። ወገብህን ያጽናልህ። በባዕድ አገር የሚያነሣህ ሰው አያሳጣህ። ከምትሸከመው እህል ለአፍህም አይንፈግህ። መኝታህን ደረቅ ያድርግልህ። ተቀይሜሃለሁ፤ ቢሆንም ቶሎ ናልኝ።

ከሁሉ የቀረሁልህ እህትህ