በር ላይ የተተከለችው ካምቦጃ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
ዛሬም ሙቀት። ዝናቡ የት ገባ? ጃስሚኑን ሁለቴ አጠጣሁት። የጎረቤቴ የፓይና ዶሮዎች የፓፓያ ችግኜን ጭረው ጣሉት። እንደ ባለቤታቸው ናቸው፤ የጎረቤት ግቢ ካላዩ አይውሉም።

ማታ ልጄ ፕራሶጆ ነገረኝ። ባሊ፣ ዴንፓሳር ሥራ አግኝቷል፤ የሚስቱ የካዴክ አገር። "ገና አልወሰንንም እማዬ። ካዴክ ናት የምትወስነው" አለ። ከባሊ ይዟት ከመጣ ዓመት እንኳ አልሞላትም... ቤቱ ግን ሳቋን ለምዷል። እኔም ለምጃለሁ። ምን አስደበቀኝ? የማነበው እኔው ነኝ።

የሠራሁትን የጉደግ ወጥ ቀምሳ "ኢቡ፣ ስኳሩ በዝቷል" ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ኢቡ የምትለኝ እናቴ ለማለት ነው። እኛ ጃቫዎች እንዲያ አንልም። "ስኳር ረከሰ እንዴ?" ነው የምንለው። ለብልህ አይነግሩም። እሷ ግን እቅጩን ተናግራ ሁለተኛ ሳህን ትጠይቃለች!

ከሄዱ እኔና የግድግዳው እንሽላሊት ልንቀር ነው። ዘዴ መፈለግ አለብኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7
ዘዴው ተገኘ። የፊቱን ግቢ ሰጠኋት! አሮጌው ማንጎ ከወደቀ ወዲህ ባዶውን ነው። "ከበሩ እስከ በረንዳው ያንቺ ነው። የፈለግሽውን ትከይበት" አልኳት።

"የፈለግኩትን? እውነት ኢቡ?"

"የፈለግሽውን።"

አቅፋ አዞረችኝ። ሰው የተከለውን ትቶ አይሄድም... ቢያንስ እስኪያብብ ይጠብቃል። አይደል?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
ችግኝ ገበያ ዋልን። እግሬ አብጧል፤ ልቤ ግን ቀሎታል። ጽጌረዳ ላስገዛት ብል "እሾህ በር ላይ? እንግዳ አትወዱም እንዴ?" አለች፤ ሻጩ እስኪያስለው ሳቀ። አንድ ሮማን ገዛን፣ ሁለት ቦገንቪሊያ፣ ለአጥሩ ደግሞ ቀይ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ። እያንዳንዱን ችግኝ ገልብጣ ሥሩን ሳታይ አትገዛም። ወደድኳት።

"ለበሩስ?" ብላት "ለበሩ የራሴ አለኝ" አለች። ምን ይሆን?

እሑድ፣ ኦክቶበር 12
ጉድ ፈላ።

ከአልጋዋ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። አውራ ጣት የሚያክል፣ ግራጫ፣ ቅጠል የሌለው እንጨት። የተቆረጠበት ጫፍ ደርቋል። "ከአያቴ ግቢ የቆረጥኩት የካምቦጃ አበባ ዛፍ ነው" አለች።

ክው አልኩ። ካምቦጃ! እኛ ጋ ካምቦጃ የት እንደሚተከል ሕፃን እንኳ ያውቃል... መቃብር ቦታ ነው። ሌላ የትም አይተከልም።

እሷ ግን ወሬዋን እያፈሰችው ነው። "አያቴ ጋ ጠዋት ጠዋት የረገፈውን እለቅማለሁ። ለጸሎት አደርገውና አንዷን ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ። ካምቦጃ የሌለው ቤት ቤት አይመስለኝም።" ልክ በሩ ሥር ተከለችው። እኔስ ምን አልኩ? "ቆንጆ ነው።" ቆንጆ ነው! ምላሴ ይቆረጥ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13
ፓይና ከአጥሩ ማዶ፦ "ቱሚራ፣ ማንን ቀበራችሁ?"

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15
ዛሬ በዘዴ ነካ አደረግኳት። "ልጄ፣ እዚያ ጋ ፀሐይ አይበዛባትም?" ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ ይገባው ነበር። ነቅሎ ጓሮ ይወስደው ነበር።

"ልክ ነዎት ኢቡ!" አለች። እኩለ ቀን ላይ ከዘንባባ ቅጠል ዳስ ሠርታላታለች። አሁን ከዋናው መንገድ ሳይቀር ትታያለች።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19
"ነፋሱስ አይጥላትም?" አልኳት። ቀርከሃ ተክላ፣ ከአገሯ ባመጣችው ጥቁርና ነጭ ዳማ ጨርቅ አሰረቻት። "ዝናቡ ሲመጣ ውሃ አይቆርባትም?" አልኳት። ቦይ ቆፈረች። ዙሪያዋን ደግሞ በድንጋይ ከበበቻት... አሁንማ የለየለት መቃብር!

ፕራሶጆ በረንዳው ላይ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "እማዬ፣ ለምን በግልጽ አይነግሯትም?"

"አንተ ባሏ አይደለህ? ንገራታ።"

"እኔም ጃቫ ነኝ" አለ የማይረባው።

እሷ ደግሞ ለእናቷ ስልክ ደውላ ምን ትላለች? "አማቴ ለካምቦጃዬ ከእኔ በላይ ትጨነቃለች!" አንጀቴን በላችው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27
ዝናብ መጣ! ሁላችንም ወጥተን በሰበስን። ሮማኑ ይዟል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3
የፈራሁት ደረሰ። የባክሶ ሾርባ ሻጩ ጋሪውን እየገፋ በራችንን ዘሎ አለፈ። ካዴክ ሳህን ይዛ ሮጠችበት። "ለምን አትቆምም?" ብትለው "መቃብር በር ላይ ሾርባ አልቀዳም እመቤት" አላት።

ባዶ ሳህኗን ይዛ ተመለሰች። ሳቅ የለ፣ ምን የለ።

"ኢቡ፣ ያውቁ ነበር?"

ሳህኑን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

"እኔ እኮ ወደውልኝ መስሎኝ... ለምን አልነገሩኝም?"

"ነግሬሻለሁ እኮ ልጄ... ፀሐይ ይበዛባታል ስልሽ..." ጆሮዬ የገዛ ወሬዬን ሰማው። እንዴት ያለ ቂል ወሬ ነው!

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ወጥታ እንጨቷን ቀስ አድርጋ ነቀለቻት። ነጫጭ ሥር አውጥታ ነበር... እንደ ክር የቀጠነ። እርጥብ ጨርቅ አልብሳ በጋዜጣ ጠቀለለቻት። የት አስቀመጠቻት? ሻንጣዋ ላይ። ሻንጣው ከቁም ሳጥን ወርዷል።

ግቢውን የሰጠኋት እንድትቀር ነበር። ይኸው በገዛ እጄ ሸኘኋት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6
ሐሙስ ሐሙስ የባሌ የዳርሶኖዬ መቃብር ጋ እሄዳለሁ። ብቻዬን እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ካዴክ የአበባውን ቅርጫት ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ተኮራርፈን እንኳ።

መቃብሩን ጠረግኩ። ከላዩ ያ ትልቅ ካምቦጃ አለ፤ መሬቱን ነጭ በነጭ አድርጎታል። ካዴክ ጎንበስ ብላ የረገፈ አበባ አነሳችና ጆሮዋ ላይ ሰካች። ልማድ ነው፣ አላሰበችውም። ወዲያው የት እንዳለች ትዝ አላት መሰለኝ፣ ልታወጣው እጇን ሰደደች።

እጇን ያዝኳት። ለምን እንደሆነ እንጃ። አበባው አምሮባት ነበር... ደግሞስ እዚያ ዛፍ ሥር ስንት ሐሙስ ተቀመጥኩ? ለባሌ የፓይናን ሐሜት ሁሉ የማወራው፣ ብቻዬን የምስቀው፣ ልቤ የሚያርፈው እዚያው ጥላ ሥር አይደለም? ታዲያ በሬ ላይ ሲሆን ምን አስፈራኝ?

"ተይው፣ ያምርብሻል" አልኳት። "አንድ ነገር ደግሞ በቀጥታ ልንገርሽ።" በዕድሜዬ ሞክሬው አላውቅም። "እንድትሄዱብኝ አልፈልግም። ግቢውን የሰጠሁሽ ለዚህ ነው። ካምቦጃሽን በሩ ላይ መልሺ።"

አየችኝ። "በሩ ላይ? ሰው ምን ይላል ኢቡ?"

"ያሻውን ይበል!"

ሳቀች። አለቀሰችም። ዝናብ እየደበደበን መጥተን፣ በጭቃ ተለውሰን መልሰን ተከልናት። ድንጋዮቹን ግን አነሳን! ፓይና ጃንጥላ ይዛ አጥሩ ጋ ብቅ አለች። "ቱሚራ፣ ደግሞ ማንን..."

"ፓይና፣ ዶሮዎችሽን ሰብስቢ! ፓፓያዬን ጨረሱት!"

አፏን ከፍታ ቀረች። እፎይ! ይህን የመሰለ ደስታ አለ ለካ? ምነው እስከዛሬ ማንም አልነገረኝ?

ዓርብ፣ ዲሴምበር 5
ቅጠል አወጣች!! ሁለት። ካዴክ ቁርሷን ትታ ልታያት ወጣች። ስለ ዴንፓሳር በቀጥታ ጠየቅኩ። በቀጥታ መለሰች፦ "እያሰብን ነው ኢቡ።" ሻንጣው ቁም ሳጥኑ ላይ ተመልሷል፤ ግን ሻንጣ መውረድ አያቅተውም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 17
ባክሶ ሻጩ ቆመ። ካዴክ በየቀኑ በስሙ እየተጣራች ብታስቸግረው ጊዜ። ዓይኑን ከካምቦጃዋ ሳይነቅል ቀዳልን። የፓይና ዶሮዎችም ከአጥሩ ማዶ ውለዋል። እሷ ግን ስኳር ልትበደር መጣች፤ ካምቦጃዋን ዞራ አይታ "ወፍራለች" አለች። ከፓይና አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

እሑድ፣ ማርች 8
እራት ሳልበላ ነው የምጽፈው።

ካምቦጃዋ ጫፍ ላይ አበባ ፈነዳ። አንዲት፣ ነጭ፣ መሐሏ ቢጫ። በረንዳው ላይ ሽንኩርት እየላጥን ነበር። ካዴክ አንገቷን ደፍታ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፦ "ኢቡ፣ ኦክቶበር አካባቢ የካምቦጃዋ ጥላ ለምንጣፍ ይበቃ ይሆን?"

"ምን ይበቃል! በዓመቷ ምን ጥላ ይኖራታል? መተኛት ከፈለግሽ በረንዳው አለልሽ።"

"ለእኔ እንኳ አይደለም... በጣም ትንሽ ምንጣፍ ናት።"

"ትንሽም ብትሆን ፀሐይ ይበዛባታል" አልኳት ሽንኩርቴን እየላጥኩ።

ፕራሶጆ ከወንበሩ ወደቀ። እውነቴን ነው፣ በሳቅ ወደቀ! "ፀሐይ ይበዛባታል አሉ! እማዬ፣ እርስዎም ጃቫ ነኝ ይላሉ?"

ቀና ብዬ አየኋት። እጇ ሆዷ ላይ ነው። ጉንጯ ቀልቷል። የእኔኑ ዙሪያ ጥምጥም ከእኔው ተምራ...

"ዴንፓሳርስ?" አልኩ።

"ትተነዋል ኢቡ። ካምቦጃዋን ማን ያጠጣታል?"

ጩኸቴን ለቀቅኩት። ቢላዋውም ሽንኩርቱም የት እንደገባ አላውቅም። ፓይና በባዶ እግሯ እየሮጠች በሩን በርግዳ ገባች። "ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም ፓይና! ሊወለድ ነው!"

ነገ ዳርሶኖ ጋ እሄዳለሁ። ሐሙስ እስኪመጣ አልጠብቅም።